ቺርሊደርነት ሴትን ያስከብራል ወይስ ያዋርዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳላስ ካውቦይስ ለሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስለሚጨፍሩት ቺርሊደሮች (ቲፎዞ አስጨፋሪዎች) የተሠራው ተከታታይ ፊልም ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም፤ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ቺርሊደሮች ሜዳ ዳር ከመጨፈር ሌላ ሥራ አላቸው?

አላቸው፣ ያውም ብዙ። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ትንሹን ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ማለትም ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ያለች ቺርሊደር በሳምንት የተወሰኑ ምሽቶች ልምምድ አላት። የጨዋታ ቀን ደግሞ ተመልካቹ ሳይገባ ከሰዓታት በፊት ስታዲየም ትደርሳለች። ከዚያ ውጪ ሆስፒታል ሄዳ የታመሙ ልጆችን ትጠይቃለች፣ የስፖንሰር ድግስ ላይ ከእንግዶች ጋር ፎቶ ትነሳለች፣ የቡድኑን ካላንደር ታስተዋውቃለች። የዳላሶቹ ከ1979 ጀምሮ ውጭ አገር የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮችን እየዞሩ ሲያዝናኑ ኖረዋል።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ከዋናው እንጀራ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ቀን ቀን ነርስ፣ አስተማሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ናቸው። በየዓመቱም እንደ አዲስ ኦዲሽን ይገባሉ፤ አምና አንደኛ የተባለችው ዘንድሮ ልትቀር ትችላለች።

ከመጀመሪያውም የሴት ሥራ ነበር?

ኧረ በጭራሽ። የመጀመሪያው ቺርሊደር ተብሎ ስሙ የሚነሳው ጆኒ ካምቤል የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 1898 ከተመልካቹ ፊት ወጥቶ ጩኸቱን መራ፣ በዚያው ቀጠለ። አዲስ አበባ ስታዲየም የቡናንና የጊዮርጊስን አስጨፋሪዎች ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም። ፊቱን ለሜዳው ሳይሆን ለቲፎዞው ያዞረ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮህ ወንድ ነው።

ለብዙ ዓመታት ሥራው የወንድ ነበር፣ ደረትም ያስነፋ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት አይዘንሃወር፣ ሬገንና ትንሹ ቡሽ በተማሪነታቸው ቺርሊደር ነበሩ። ሴቶች በ1920ዎቹ ገቡ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ወደ ጦር ሜዳ ሲወስዳቸው ደግሞ ቦታው በብዛት የእነሱ ሆነ። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ወንዶቹ ሲሠሩት የመሪነት ምልክት የነበረው ነገር ሴቶቹ ሲይዙት ጌጥ ሆነ።

ዛሬ የምናውቀው መልክ የመጣው ከዳላስ ነው። ካውቦይስ በ1972 የትምህርት ቤት ዓይነቱን አጨፋፈር ትቶ የሠለጠኑ ዳንሰኞችን አጭር ቁምጣና እምብርት ላይ የሚያልቅ ሸሚዝ አልብሶ አወጣ። ሌሎቹ ቡድኖች ተከተሉ።

ስንት ይከፈላቸዋል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። በጃንዋሪ 2014 አንዲት የኦክላንድ ሬይደርስ ቺርሊደር ቡድኑን ከሰሰች። በክሱ መሠረት ክፍያው በጨዋታ 125 ዶላር ነበር። አሥር ጨዋታ፣ በዓመት 1,250 ዶላር፣ እሱም የሚሰጠው የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ። ልምምዱ አይከፈልበትም፣ የካላንደር ፎቶው አይከፈልበትም፣ ፀጉር ቤቱ ከራስ ኪስ። የተሳሳተ ፖምፖም (እየጨፈሩ በእጅ የሚያወዛውዙት ጉንጉን) ይዛ የመጣች ደግሞ ትቀጣለች። የሠሩት ሰዓት ሁሉ ሲደመር ክፍያው በሰዓት 5 ዶላር አይሞላም ነበር፤ በወቅቱ የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ 8 ዶላር ነው። በዚያው ዓመት የሊጉ ጀማሪ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ 420,000 ዶላር ነበር። ተጫዋቹ ለምን ብዙ ተከፈለው አልልም፣ ቲኬት የሚያስቆርጠው እሱ ነው። ግን እሷም ሠራተኛ ናት።

ሬይደርስ ጉዳዩን በ1.25 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘጋው። ከዚያ በሩ ተከፈተ። የታምፓ ቤይ በ825,000፣ የሲንሲናቲ በ255,000፣ የኒውዮርክ ጄትስ በ324,000 ዶላር ተቋጨ። የቡፋሎ ቢልስ ቡድን ቺርሊደሮች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ለልምምዱም ለጨዋታውም የሚከፈላቸው ምንም አልነበረም።

አሁን ተሻሽሏል። ዳላስ በ2025 ክፍያውን ወደ 400 በመቶ ገደማ አሳደገ። ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ነው። 400 በመቶ ማሳደግ የሚቻለው ግን መነሻው ምን ያህል ቢያንስ ነው ብሎ መጠየቅም ደግ ነው።

ይሄ እንዴት ሕጋዊ ሆኖ ኖረ?

በሁለት መንገድ። አንደኛ፣ ብዙ ቡድኖች ሴቶቹን ሠራተኛ አይሏቸውም ነበር፣ በራሳቸው የሚሠሩ ኮንትራክተር ናቸው ይሉ ነበር። ቡፋሎ ላይማ ቡድኑ በቀጥታ አይቀጥራቸውም፣ መሃል ላይ ሌላ ድርጅት አለ። ስትከሰስ ጣት ወደዚያ መጠቆም ነው። ኮንትራክተር የሚባል ሰው ግን መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አይታዘዝም።

ሁለተኛው፣ የፌዴራል ሕጉ ለወቅታዊ መዝናኛዎች የሚሰጠው ነፃነት አለ። በጋ ላይ ብቻ የሚከፈት መዝናኛ ፓርክ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዳይከፍል የሚፈቅድ አንቀጽ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በ2014 የሬይደርስን ጉዳይ ሲያይ እዚያ ውስጥ ይገባል አለ። በቢሊዮን የሚያንቀሳቅስ ሊግ ከሕፃናት ማሽከርከሪያ ጋር እኩል ተመደበ ማለት ነው።

ካሊፎርኒያ በ2015 የራሷን ሕግ አወጣች፤ ቺርሊደር ሠራተኛ ናት፣ ዝቅተኛ ደመወዝም ትርፍ ሰዓትም ይገባታል የሚል። ሕጉን ያቀረበችው የምክር ቤት አባል ሎሬና ጎንዛሌዝ ራሷ ስታንፎርድ ስትማር ቺርሊደር ነበረች። ነገሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሲገባበት እንዲህ ነው።

ክፍያው እንዲህ ከሆነ ለምን ይገባሉ?

ዳንሰኞች ስለሆኑ። ብዙዎቹ ከሦስትና ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ ባሌትና ጃዝ ሲማሩ ያደጉ ናቸው። ከኮሌጅ ሲወጡ ያንን ችሎታ የሚቀበል መድረክ፣ በተለይ ከኒውዮርክና ከሎስ አንጀለስ ውጪ፣ ፈልገው አያገኙም። ከዚያ አንድ ቦታ አለ፤ ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም፣ መሃል ሜዳ። የዳላሶቹን የመክፈቻ ዳንስ አይቶ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ሠላሳ ስድስት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሰለፋሉ፣ እግራቸውን እስከ ግንባራቸው ያነሳሉ፣ አንዴ አይደለም፣ ደጋግመው፣ አንዷም ሳትቀድም ሳትዘገይ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዘለው እግራቸውን ግራና ቀኝ በልቅጠው መሬት ላይ ያርፋሉ። የሚያርፉት ደግሞ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ይሄን የሚያደርግ ሰው "ዝም ብላ የምትወዛወዝ" አይደለችም።

ተስፋም አለ። ዘፋኟ ፖላ አብዱል ሌከርስ ለሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ከመደነስ ተነስታ የዓለም ኮከብ ሆናለች። ለአብዛኛዎቹ ግን "በር ይከፍትልሻል" የሚባለው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንድ ነገር ግን ያበሳጨኛል። ፊልሙ ላይ የካውቦይስ ባለቤት ልጅና ከቡድኑ ኃላፊዎች አንዷ የሆነችው ሻርሎት ጆንስ ሴቶቹ ለገንዘብ ብለው እንደማይመጡ ትናገራለች። ፎርብስ በ2024 ቡድኑን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከሠራተኛዋ አፍ ሲወጣ ፍቅር ነው፣ ከከፋዩ አፍ ሲወጣ ሒሳብ ነው።

ዋናው ችግር አለባበሱ አይደለም እንዴ?

የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ይሄንን ነው። እኔ ዋናው ነው አልልም። ሯጮቻችን ኦሎምፒክ ላይ የሚለብሱት ከዚያ ብዙ አይረዝምም፣ ሲያሸንፉ ግን ሁላችንም እናለቅሳለን እንጂ ጨርቁን አንለካም። ሰውነት መታየቱ ብቻውን አያዋርድም።

ልዩነቱ ልብሱን የመረጠው ማን ነው፣ ለማን ዓይን ነው የሚለው ላይ ነው። ሯጭ የምትለብሰው ለመሮጥ እንዲቀላት ነው። ቺርሊደር በጃንዋሪ ብርድ እምብርቷን ገልጣ የምትቆመው ለዳንሱ ብላ አይደለም። በዚያ ላይ ልብሱ ሰውነቷን መቆጣጠሪያ ይሆናል። የቡፋሎዎቹ ክስ ላይ የተነሳ አንድ ነገር አለ፤ ሴቶቹ እየዘለሉ ሥጋቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ የሚታይበት "ፈተና" ነበር። ያልፈለጉት ሥጋ ከታየ ትታገጃለሽ። የደንብ መጽሐፋቸው ደግሞ ገላን እንዴት መታጠብ እንዳለባቸው፣ የወር አበባ መጠበቂያ በየስንት ጊዜ መቀየር እንዳለበት፣ ግብዣ ላይ እንዴት እንደሚበላ ይዘረዝር ነበር። ሐሳብሽን አታብዢ የሚል ምክርም ነበረበት። ለአዋቂ ሴት፣ ያውም ሳይከፍሏት።

ልብሱ ዓይን ይሳብ፣ ጠባይዋ የመነኩሴ ይሁን። ሁለቱን ባንድ ሴት ላይ መጫን ነው እኔን የሚከብደኝ።

ከተጫዋቾች ጋር ማውራት አይችሉም የሚባለው እውነት ነው?

በብዙ ቡድኖች እውነት ነበር። በጣም የታወቀው የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ጉዳይ ነው። በ2018 አንዲት ቺርሊደር ለጥቂት ሰው ብቻ በሚታይ የኢንስታግራም ገጿ ላይ ዳንቴል ያለው ልብስ ለብሳ ፎቶ በመለጠፏ ተባረረች። ሜዳ ላይ የምትለብሰው ከዚያ ብዙም አይለይም።

ጉዳዩ ሲገለጥ ደንቡ ወጣ። ምግብ ቤት ተቀምጣ እየበላች ተጫዋች ከገባ ተነስታ መውጣት ያለባት እሷ ናት። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተጫዋቾችን ማገድ ያለባት እሷ ናት፤ እሱ ግን ምንም አይከለከልም። ምክንያቱ "እናንተን ለመጠበቅ" ነው የሚባለው። ጠበቃዋ ይሄ የፆታ አድልዎ ነው ብላ አቤቱታ አስገባች፣ ቡድኑ አላዳላሁም አለ። በኋላ የተባረረችው ቺርሊደርና ሌላ የቀድሞ ቺርሊደር ከሊጉ ኮሚሽነር ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርና እያንዳንዳችን በ1 ዶላር እንስማማ ብለው ነበር። ገንዘብ ፈልገው ነው ለሚል ሰው ይሄ መልስ ይሆነዋል።

የዋሽንግተን ቡድን ላይ የተባለው ምንድን ነው?

የዚህ ሁሉ ክርክር መጥፎው ገጽ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በ2018 እንደዘገበው፣ የዋሽንግተን ቡድን ቺርሊደሮች በ2013 ለካላንደር ፎቶ ኮስታ ሪካ ተወሰዱ። እንደደረሱ ፓስፖርታቸው ተሰበሰበ። የዓረብ አገር ኑሮን ለሚያውቅ ሐበሻ ይሄ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ብዙ ይናገራል። የታተመው ፎቶ ባያሳየውም አንዳንዶቹ ከላይ ራቁታቸውን ሆነው እንዲነሱ ተደረገ፤ ቆመው የሚያዩት ደግሞ ተጋብዘው የመጡ ስፖንሰሮችና የስታዲየሙ የቪአይፒ ክፍል ደንበኞች ነበሩ፣ ሁሉም ወንድ። ረጅሙ ቀን ሲያልቅ ከ36ቱ ዘጠኙ ማታ ስፖንሰሮቹን ናይት ክለብ እንዲያጅቡ ተመርጠዋል ተባሉ። ያለቀሱ ነበሩ። ወሲብ አልነበረበትም፤ ግን ግዴታ እንጂ ግብዣ አልመሰላቸውም። የጉዞ ወጪያቸው ከመሸፈኑ በቀር ለዚያ ሥራም አልተከፈላቸውም።

በ2020 ደግሞ ዋሽንግተን ፖስት፣ ከካላንደር ቀረጻ የተቆራረጡ የሴቶቹ ገላ የሚታይባቸው ምስሎች ሳያውቁት በቪዲዮ ተሠርተው እንደነበር ጻፈ። ቡድኑ ከሴቶቹ ጋር በስምምነት ጨረሰና በ2021 የቺርሊደር ቡድኑን አፍርሶ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት የዳንስ ቡድን አቋቋመ።

ወንዶች መግባታቸው ለውጥ አመጣ?

ትንሽ። ባልቲሞር ሴቶቹን ወደ ላይ የሚያነሱና የሚወረውሩ ወንዶች ከድሮ ነበሩት። እንደ ሴቶቹ የሚደንሱ ወንዶች በስፋት የተወራላቸው ግን ሎስ አንጀለስ ራምስ በ2018 ሁለት ወንዶች ሲያስገባ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2019 የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ በሆነው ሱፐር ቦውል ላይም ደነሱ። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በ2025 ሁለት ወንዶች ሲያስተዋውቅ ግን ኢንተርኔቱ ተናወጠ፣ ቲፎዞነቴን ትቻለሁ ያለም አልጠፋ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የራምስ ወንዶች ሱሪና ሸሚዝ ለብሰው ያንኑ ዳንስ ይደንሳሉ። ተመልካቹም ይጮሃል። ስለዚህ ሥራው ሙሉ ልብስ ተለብሶም ይሠራል ማለት ነው።

ቺርሊዲንግ ስፖርት ነው?

የትምህርት ቤትና የክለብ ውድድሩ አዎ። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2021 ለዓለም አቀፉ የቺር ማኅበር ሙሉ ዕውቅና ሰጥቷል። የኤን ኤፍ ኤሉ ግን ዳንስና ማስታወቂያ ነው፣ የስፖርተኛ ሰውነት ቢጠይቅም።

አሜሪካ ያለች ልጄ የትምህርት ቤቷ ቺርሊደር ልሁን አለች፤ ልፍቀድላት?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ እናቶች የሚጠይቁት ይሄንን ነው። በመጀመሪያ ከላይ ያወራነው ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ትምህርት ቤት ውስጥ የስፖንሰር ድግስም ካላንደርም የለም። የልጆች ቡድን ነው፣ ዲሲፕሊን ያስተምራል፣ ጓደኛ ያስገኛል። ቀሚሷ አጠረ ብሎ ቤት ውስጥ ጦርነት ከመክፈት በፊት አንድ ልምምድ ሄዶ ማየት ይሻላል።

ልትፈሪ የሚገባሽ መውደቅን ነው። ልጆቹ አንዷን ወደ ላይ ይወረውራሉ፣ ካልያዟት ጭንቅላቷ ይመታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ቺርሊዲንግ እንደ ማንኛውም ስፖርት ይታይ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሠለጠነ አሠልጣኝ፣ ለስላሳ ምንጣፍና ሐኪም እንዲኖር። እነዚህን ጠይቂ። ወደ ግል ክለብ የምትገባ ከሆነ ወጪው በሺዎች ሊቆጠር ይችላል። በ2022 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ የታወቀ የግል ጂም በአሠልጣኞች የወሲብ ጥቃት ተከስሷል። ስለዚህ ከልጅሽ ጋር ብቻውን የሚቀረው ማን ነው፣ በስልክ የሚጽፍላት ማን ነው የሚለውን ሳታፍሪ ጠይቂ።

ራሳቸው ወደው ከገቡ እኛ ምን አገባን?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ወደው ገብተዋል፣ እውነት ነው። ብዙዎቹ በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ጊዜ ነው ይላሉ፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ተዋርዳችኋል ብሎ ከውጭ ሆኖ የሚነግራቸው ሰው፣ ፌሚኒስትም ይሁን ቄስ፣ ራሱ እየናቃቸው ነው። በ1970ዎቹም ከሁለቱም ወገን ተሰድበዋል። አንዱ የወንድ መጫወቻ ሲላቸው ሌላው ባለጌ ይላቸው ነበር። ማንም ግን ስንት ተከፈለሽ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ደግሞ ወድዶ መግባት ለሁሉም ነገር መፈረም አይደለም። ነርስም ሥራዋን ወድዳ ትገባለች፣ ያለ ደመወዝ ትሥራ ግን አይባልም። ለጥቂት ቦታ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ ካልፈለግሽ ተራ የሚጠብቅ አለ መባሉ ብቻ አፍ ያዘጋል። ስለዚህ ያስከብራል ወይስ ያዋርዳል ለሚለኝ፣ ዳንሱ አያዋርድም፣ ኮንትራቱ ግን ብዙ ጊዜ አዋርዷል እላለሁ።

ታዲያ ጨርሶ ቢቀርስ?

የቀረባቸው አሉ። ቺካጎ ቤርስ ከጃንዋሪ 1986ቱ ሱፐር ቦውል በኋላ ቺርሊደሮቹን አሰናበተ። ያንን ዋንጫ በልቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልደገመም፣ ቲፎዞውም እርግማን ነው እያለ ይቀልዳል። የሳን አንቶኒዮ የቅርጫት ኳስ ቡድንም በ2018 ሴት ዳንሰኞቹን በድብልቅ አስጨፋሪ ቡድን ተካ።

ችግሩ ሲዘጋ ሥራ የሚያጡት ሴቶቹ ብቻ መሆናቸው ነው። ቡፋሎ ላይ በኤፕሪል 2014 አምስት ሴቶች ደመወዝ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። በቀናት ውስጥ የቺርሊደር ቡድኑ ሥራ አቆመ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ከሳሾቹ ይፍረስ አላሉም፣ ይከፈለን ነው ያሉት። ከዚያ ግን ጓደኞቻቸው ሳይቀሩ በእናንተ ምክንያት ነው ብለው ፊት ነሷቸው።

ዳላሶቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። ተሰብስበው መከሩ፣ ጠበቃ አማከሩ፣ ሥራ ጥለን እንውጣ የሚለው ሐሳብ ሁሉ ተነስቶ ነበር፤ ፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይታያል። ጭማሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚያ ግፊት ካደረጉት አንዳንዶቹ ግን ጭማሪው ሳይደርሳቸው ጊዜያቸውን ጨርሰው ወጥተዋል።